ሕያው ዓሣን ማዛወር፦ ከማስፈልፈያ እስከ ኩሬ፣ ከቤት እስከ ቤት

ዓሣ ለማርባት ኩሬ መቆፈር ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጀማሪ አርቢን ብዙ ጊዜ ለኪሳራ የሚዳርገው ቁፋሮው ሳይሆን ጫጩቶቹ ከማስፈልፈያ ወጥተው አዲሱ ኩሬ እስኪገቡ ድረስ ያለው አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚፈጸም ስሕተት ወዲያውኑ አይታይም። ጫጩቶቹ በሕይወት ይደርሳሉ፣ ኩሬው ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ፣ ባለቤቱም ተደስቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን በኩሬው ዳር ነጭ ሆድ እያሳዩ መንሳፈፍ ይጀምራሉ።

ይኸው ነገር በከተማም ይደርሳል። በሳሎኑ ወይም በንግድ ቤቱ የመስታወት አኳሪየም ያለው ሰው ቤት ሲለቅቅ፣ ለዓመታት ሳይታመሙ የኖሩ ዓሦች በአዲሱ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃሉ። ባለቤቱም «ቦታው አልተስማማቸውም» ብሎ ያልፈዋል። በእርግጥ ግን የሞታቸው ምክንያት ሊታወቅና አስቀድሞ ሊወገድ የሚችል ነው። የቸሃ አርሶ አደርም ሆነ የወልቂጤና የቡታጅራ ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባው መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመጠን ብቻ ነው።

ጫጩቱ ከየት ይመጣል

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከተደረገ ወዲህ ዓሣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር አብሮ የሚነሣ የቤተሰብ ልማት ዘርፍ ሆኗል። ለጉራጌ አካባቢ አርቢዎች በቅርብ ርቀት ከሚገኙ ተቋማት አንዱ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሰበታ ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። ሰበታ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወልቂጤም በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ከሰበታ የሚነሣ ጫጩት ወልቂጤ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ይጓዛል፤ ወደ ቸሃ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ እምድብርና ከዚያም ወደ ቀበሌዎቹ ለመዝለቅ ደግሞ ተጨማሪ መንገድ ይቀረዋል። ለቡታጅራና ለምሥራቅ ጉራጌ ዞን ነዋሪዎች በስተምሥራቅ በዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የባቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል ይቀርባል።

በአገራችን ኩሬዎች በብዛት የሚረቡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ከሦስቱ ለጀማሪ አርቢ የሚመረጠው ቆሮሶ ነው፤ ዕፅዋትንና በውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ጥቃቅን ሕዋሳትን ስለሚመገብ ቀለቡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይሁንና ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ በሚገባ ያድጋል፤ ውሃው ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ በታች ሲወርድ መመገቡን ይቀንሳል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ይሞታል። በደጋማ ቀበሌዎች የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከሚበረታበት ከኅዳር እስከ ጥር ካለው ጊዜ ይልቅ ውሃው መሞቅ ሲጀምር ጫጩት መጨመር የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

በዓይን የማይታዩት ሠራተኞች

ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል አሞኒያ የተባለ ቆሻሻ ያለማቋረጥ ወደ ውሃው ይለቃል። የቀለብ ትርፍራፊና ኩሳቸውም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ስንጥቡን ያቃጥላል፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከምም ያደርጋል።

በቆየ ኩሬ ወይም በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህ መርዝ የማይከማቸው ባክቴሪያዎች ስለሚበሉት ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ውሕድ ይለውጠዋል፤ ይህም ቢሆን መርዛማ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት በመጠኑ ሲሆን ብዙም አይጎዳም፤ ዕፅዋትም እንደ ማዳበሪያ ይጠቀሙበታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ውሃ ውስጥ ተራብተው ሥራቸውን በሚገባ እስኪጀምሩ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው በውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚኖሩ አይደሉም። የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩ፣ በድንጋዩና በዕፅዋቱ ላይ ተለጥፈው ነው። ስለዚህ አኳሪየሙን ሲያዛውር አሮጌውን ውሃ በሙሉ በጥንቃቄ ይዞ፣ ስፖንጁን ግን በቧንቧ ውሃ አጥቦና አድርቆ የሚሄድ ሰው፣ ዋጋ የሌለውን አድኖ ዋጋ ያለውን ገድሏል ማለት ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተጨመረው ባክቴሪያን ለመግደል ነውና በስፖንጁ ያሉትንም ይገድላቸዋል። ስፖንጁ ሲደርቅም ይሞታሉ፤ አየር በሌለው በተዘጋ ዕቃ ብዙ ሰዓት ሲቆዩም እንዲሁ።

በከፍታ ቦታ ኦክስጅን ያንሳል

ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። በዚህ ላይ የቦታው ከፍታ ይጨመራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘውም ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ወልቂጤ፣ እምድብርና ቡታጅራ ከዚህ ከፍታ ብዙም የማይርቁ ስለሆኑ በውጭ አገር መመሪያ ላይ የተጻፈ የዓሣ ብዛትና የሰዓት ልክ እዚህ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። በመያዣው ውስጥ የሚጫኑትን ዓሦች ማሳነስ ይገባል።

አምባዛ በዚህ ረገድ ይለያል። ከስንጥቡ ሌላ አየር በቀጥታ ለመሳብ የሚያስችል አካል አለው። ይህ ብርታቱ ግን አንድ ግዴታ ያመጣል፤ በመያዣው አናት ላይ ብቅ ብሎ የሚተነፍስበት ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል። እስከ አፉ በውሃ የተሞላ ክዳናማ ጀሪካን ለአምባዛ መታፈኛ ይሆንበታል።

ከጉዞ በፊት

የመጀመሪያው ዝግጅት ቀለብ ማቋረጥ ነው። ከጉዞው በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያልተመገበ ዓሣ በመንገድ ላይ ውሃውን አያቆሽሽም። ጤነኛ ዓሣ ለሁለት ቀን ባይበላ የሚደርስበት ጉዳት የለም። «መንገደኛ ናቸውና እንመግባቸው» ማለት ርኅራኄ ቢመስልም ጉዳቱ ያመዝናል፤ የበላው ዓሣ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ የሚያመነጨው አሞኒያ እጅግ ይበዛልና።

ሁለተኛው የመያዣው ንጽሕና ነው። ቀድሞ የአረም ወይም የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት፣ ሳሙና ወይም ዘይት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለዓሣ አይሆንም። ለእርሻ በሚረጭ የተባይ ማጥፊያ በእጅጉ ከሚጎዱ እንስሳት አንዱ ዓሣ ነው፤ ለሰው ሽታው እንኳ የማይሰማ ቅሪት መያዣውን ሙሉ ጫጩት ሊፈጅ ይችላል። የሚረጭበት ፓምፕ የሚታጠብበት ባልዲም ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም።

ሦስተኛው ኩሬውን አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። ኩሬው ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ውሃ ሊሞላና በፍግ ወይም በብስባሽ ሊዳብር ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ውሃው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ይህም የጫጩቶቹ የመጀመሪያ ምግብ ተዘጋጀ ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ክንድን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ ሲያጠልቁ መዳፍ ልክ ከዓይን መሰወር ሲጀምር ውሃው በቂ ለምነት አለው። ገና ከክርን ሳይደርስ መዳፍ ከጠፋ ፍጉ በዝቷል፤ ሌሊት ሌሊት ኦክስጅን ሊያጥር ይችላልና ማዳበሪያ መጨመሩን ማቆም ይገባል። ክንዱ እስከ ክርን ገብቶ መዳፉ ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ምግቡ ገና አልደረሰም።

ቁጥሩም አስቀድሞ ይወሰን። ተጨማሪ የአየር መሣሪያ በሌለው የቤተሰብ ኩሬ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 የቆሮሶ ጫጩት በቂ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ እንግዲህ ከ200 እስከ 300 ጫጩት ይይዛል። ብዙ ጫጩት መግዛት ብዙ ዓሣ ማግኘት አይደለም፤ ተጨናንቀው ሳያድጉ የሚቀሩ ትናንሽ ዓሦችን ማብዛት ነው።

በመንገድ ላይ

ለረዥም ጉዞ የሚመረጠው በኦክስጅን የተሞላ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ሁለት ከረጢት አንዱ በሌላው ውስጥ ይደረጋል፤ ከሩብ እስከ ሲሶው ውሃ ይሆናል፤ የቀረው ከሲሊንደር በሚለቀቅ ኦክስጅን ተነፍቶ አፉ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከረጢቱ በውሃ የተሞላ መሆኑ ዓሣውን አይጠቅመውም፤ የሚያኖረው በላዩ ያለው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ካልተገኘ ሰፊ አፍ ያለው በርሜል ወይም ሮቶ በከፊል ውሃ ተሞልቶ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እየነፋበት መጓዝ ይቻላል። በዚህ መንገድ ግን የሚጫነው ዓሣ ቁጥር በእጅጉ መቀነስ አለበት።

በውሃው ላይ በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው መጨመር በአያያዝ የተጨነቀ ዓሣ በሰውነቱ ያለውን ማዕድን ይዞ እንዲቆይ ይረዳዋል። ጨው ግን የጽዳት ጉድለትን ወይም የቦታ መጨናነቅን አይተካም።

ጉዞው ማልዶ ወይም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከረጢቶቹ በካርቶን ወይም በፎም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው፣ በፒክአፕ ላይ ከተጫኑ እርጥብ ጆንያ ወይም የእንሰት ቅጠል ሊሸፈኑ ይገባል። በጉራጌ ምድር ኮባ የሌለበት ጓሮ የለምና ጥላው በደጅ ነው። መኪናው በየመንገዱ ለቡናና ለምሳ ረዥም ጊዜ በፀሐይ ላይ መቆም የለበትም። ከረጢቱን እየከፈቱ «አሉ ወይ?» ብሎ ማየትም አይገባም፤ አንድ ጊዜ የወጣ ኦክስጅን መንገድ ላይ አይተካም።

ኩሬው ዳር ሲደረስ

የጉዞው ግማሽ ያህል አደጋ ያለው በመጨረሻዎቹ ሠላሳ ደቂቃዎች ነው። በከረጢቱ ያለው ውሃና የኩሬው ውሃ ሙቀታቸው ይለያያል። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ የማያስተካክል ፍጡር ስለሆነ ድንገተኛ የጥቂት ዲግሪ ለውጥ ያስደነግጠዋል፣ ያዳክመዋልም። ስለዚህ ከረጢቱ ሳይፈታ በኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ። በዚያ ጊዜ ፀሐይ እንዳያርፍበት በቅጠል ይሸፈን።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው በጉዞው ርዝመት ይወሰናል። ጉዞው አጭር ከነበረ ከረጢቱ ተፈትቶ የኩሬው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረበት ዓሦቹ ቀስ ብለው ይለማመዳሉ። ጉዞው ብዙ ሰዓት የፈጀ ከሆነ ግን ከረጢቱን ከፍቶ ማቆየት አደገኛ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ዓሦቹ በተዘጋው ከረጢት ውስጥ ሲተነፍሱ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ያኮመጥጠዋል። በኮምጣጣ ውሃ ውስጥ አብዛኛው አሞኒያ ጉዳት ወደማያደርስ ዓይነት ተለውጦ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተኖ ይወጣል፣ ኮምጣጤነቱ ይቀንሳል፣ የተኛው አሞኒያም ወደ መርዛማው ዓይነት ይመለሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሆኖ ውሃው ገለልተኛ ሲሆን፣ ማለትም ፒኤቹ 7 ሲሆን፣ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ ወደ 9 ከፍ ሲል ግን ከጠቅላላው ሲሶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከረዥም ጉዞ በኋላ ሙቀቱ ከተመጣጠነ፣ ከረጢቱን ከፍቶ ጥቂት የኩሬ ውሃ ጨምሮ ዓሦቹን ቶሎ ወደ ኩሬው ማሳለፍ ይገባል። የከረጢቱ ቆሻሻ ውሃ ወደ ኩሬው ባይደፋ ይሻላል።

ዓሦቹን በደረቅ እጅ መያዝም ጉዳት አለው። ገላቸውን የሸፈነው ልጋግ ከበሽታ የሚጠብቃቸው ልባስ ነው፤ ደረቅ እጅና ሻካራ ጨርቅ ይገፍፈዋል። ለስላሳ መረብ ወይም የረጠበ እጅ ይበቃል።

አኳሪየም ከቤት ወደ ቤት

አሁን ወደ ከተማው ነዋሪ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ተዛውሮ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም በቡታጅራ ከአንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድ ነጋዴ አኳሪየሙን እንደ ቴሌቪዥን አንሥቶ መኪና ላይ ሊያስቀምጠው አይችልም። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ሴንቲ ሜትር ወርድና 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መካከለኛ አኳሪየም 112 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻውን 112 ኪሎ ግራም ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመርበት ከአንድ ኩንታል ተኩል ብዙም አያንስም። ውሃ ወይም ጠጠር እንደያዘ ሲነሣ መስታወቶቹን ያያያዘው ሲሊኮን ይላቀቃል፤ መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሁልጊዜ ባዶውን ሊነሣ ይገባል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። በመጀመሪያ በአዲሱ ቤት ቦታው ይመረጣል፦ ከመስኮት ፀሐይ የራቀ፣ መብራት የሚገኝበት፣ ወለሉና ጠረጴዛው በውሃ ልክ ተለክቶ የተስተካከለ መሆን አለበት። ያዘነበለ ጠረጴዛ ክብደቱን በአንድ ማዕዘን ያሳርፈዋልና መስታወቱ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከነባሩ ውሃ ሲሶ ያህሉ በንጹሕ ጀሪካኖች ይቀዳል፤ ከላይ በተጠቀሰው አኳሪየም ይህ ሁለት የ20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ውሃ የሚያዘው ባክቴሪያ ስላለበት ሳይሆን ዓሦቹ የለመዱት ውሃ ስለሆነና ለውጡን ስለሚያለዝብላቸው ነው።

ቀጥሎ ዓሦቹ በጥንቃቄ ተይዘው በዚያው ውሃ በተሞላ ክዳን ባለው ባልዲ ወይም በከረጢት ይገባሉ። የማጣሪያው ስፖንጅና ሌላው ውስጠ ዕቃ ሳይታጠብ በአኳሪየሙ ውሃ ረጥቦ፣ አየር በሚገባበት ዕቃ ይቀመጣል። ጠጠሩም ረጥቦ ይቆያል። ጠጠሩ ለረዥም ጊዜ ያልተጸዳ ከሆነ ግን በሥሩ የተከማቸው ጭቃ ሲነካ መርዛማ ነገር ይለቃልና፣ ዓሦቹ ከወጡ በኋላ በአሮጌው ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ጭቃው መደፋት አለበት። የውሃ ዕፅዋት በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው በከረጢት ይገባሉ። ማሞቂያ ካለ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ ከውሃ መውጣት የለበትም፤ መስታወቱ ይፈነዳል።

ባዶው አኳሪየም ከሥሩ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ተነጥፎለት፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይጓዛል። በውስጡ ሌላ ዕቃ አይጫንበትም። ከመኪናው መጨረሻ ላይ የሚጫነው፣ በአዲሱ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የሚወርደው እርሱና ዓሦቹ ይሁኑ። ሶፋና ቁም ሣጥን ቢያድሩ አይሞቱም። አኳሪየሙ ከተተከለ በኋላ ጠጠሩ፣ አሮጌው ውሃ፣ ከዚያም የተዘጋጀው አዲስ ውሃ ይገባል፤ ማጣሪያው ወዲያው ይከፈታል፤ ዓሦቹ መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

አዲሱ ውሃ

የቧንቧ ውሃ ለሰው ንጹሕ ቢሆንም ክሎሪን ያለበት እስከሆነ ድረስ ለዓሣ አይሆንም። በሰፊ ሳፋ ወይም ክዳን በሌለው በርሜል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቀመጥና አልፎ አልፎ ሲማሰል ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። በተዘጋ ጀሪካን ማስቀመጥ ግን አይበቃም፤ የሚወጣበት የለውምና። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ይህን ውሃ ከቤት ለውጡ ሁለት ቀን አስቀድሞ በአዲሱ ቤት መያዝ ያስፈልጋል። በተዛወሩበት ዕለት «ውሃው ዛሬ ይመጣል» ብሎ መተማመን የዓሦቹን ሕይወት ለዕድል መስጠት ነው። ከተቋረጠ በኋላ ገና የመጣ ውሃ ብዙ ጊዜ የደፈረሰ ስለሚሆን የመጀመሪያው ተለቅቆ ሲጠራ መቅዳት ይሻላል።

የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ባይኖረውም ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው፤ ከከፍታ እየተንዠቀዠቀ ወይም እየተማሰለ አየር ሊያገኝ ይገባዋል። የዝናብ ውሃ ደግሞ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ውሃ ጋር ተደባልቆ ቢሆን ይመረጣል።

የመብራት መቋረጥም ሊዘነጋ አይገባም። ማጣሪያው ለረዥም ሰዓት ሲቆም በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጣሉ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። በዚህ ጊዜ በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ጊዜያዊ ግን ውጤታማ መፍትሔ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

በኩሬም በአኳሪየምም ዓሦቹ በገቡበት ዕለት አይመገቡም። በማግስቱ በጣም ጥቂት ይሰጣቸዋል፤ በጥቂት ደቂቃ ካልጨረሱት ቀለቡ በዝቷል። በአኳሪየም ውስጥ የባክቴሪያዎቹ ክፍል በጉዞው መሞቱ አይቀርምና ለአንድ ሳምንት ያህል ቀለቡን በግማሽ መቀነስና በየሁለት ቀኑ ከውሃው አንድ አምስተኛውን በተዘጋጀ ውሃ መለወጥ ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ አዲስ ዓሣ ገዝቶ መጨመር አይገባም።

የአደጋ ምልክቶቹ በግልጽ የሚታዩ ናቸው፦ በውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አየር መጎንጨት፣ ስንጥባቸው መቅላት፣ ክንፋቸውን አጥፈው በአንድ ጥግ መቆም። እነዚህ ሲታዩ ቀለብ ማቆምና ከውሃው ከሩብ እስከ ሲሶ ወዲያውኑ መለወጥ እንጂ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ቀዳሚ መፍትሔ አይሆንም። የሞተ ዓሣም ሳያድር ይውጣ፤ ሲበሰብስ የሚለቀው አሞኒያ የቀሩትን ይገድላልና። ኩሬ ውስጥ የዛፍና የእንሰት ቅጠል እየወደቀ እንዳይበሰብስም መልቀም ያስፈልጋል፤ ብስባሹ ኦክስጅን ይሻማል።

ወደ ወንዝ መልቀቅ አይገባም

ቤት የሚለቅቅ ሰው አኳሪየሙን ይዞ መሄድ ካልቻለ ዓሦቹን «ነጻ ላውጣቸው» ብሎ ወደ ዋቤ ወንዝ ወይም ወደ ቅርብ ምንጭ ሊለቃቸው ያስብ ይሆናል። ኩሬውን ሊያፈርስ የፈለገ አርቢም እንዲሁ። ይህ ከደግነት ይልቅ ጥፋቱ ያይላል። የዋቤ ውሃ ወደ ጊቤ፣ የጊቤም ወደ ኦሞ ይወርዳል፤ አንድ ቦታ የገባ እንግዳ ዓሣ ወይም በሽታ በአንድ ቦታ አይቀርም። በዝዋይ ሐይቅ ዛሬ የሚገኘው ካርፕ የሐይቁ ነባር አይደለም፤ አምባዛም ታስቦበት ሳይሆን በአጋጣሚ ገብቶ የተስፋፋ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተለቀቀው የናይል ፐርች የተባለ ትልቅ ዓሣ በሐይቁ ብቻ ይገኙ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎች እንዲጠፉ ዋና ምክንያት ሆኗል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለዓሣ ሀብት ጥበቃና ለእርባታ የሕግ መሠረት ጥሏል። በመሆኑም ከሌላ አካባቢ ሕያው ዓሣ ለማምጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያማክር ከኪሳራም ከጥፋትም ይድናል። አኳሪየሙን መያዝ ያልቻለም ለሌላ አርቢ ወይም ለትምህርት ቤት ቢሰጠው ይሻላል።

ጫጩት ለማምጣት የተዘጋጀ አርሶ አደር ከመነሣቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ለራሱ ቢያቀርብ ይበቃዋል፦ ኩሬው አረንጓዴ ሆኗል ወይ? መያዣው ንጹሕ ነው ወይ? ጫጩቶቹ ቀለብ ካቆሙ አንድ ቀን አልፏቸዋል ወይ? መኪናው ኩሬው ዳር የሚደርሰው ፀሐይ ሳትበረታ ነው ወይ? ከአራቱ ለአንዱ መልሱ «አይደለም» ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ፣ ሦስት መቶ ጫጩት ከመቅበር ይቀልላል።